አባባ፣ ወድቀዋል አሉ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሰላምታውን አላበዛም፤ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ለኪዳን ሲወጡ ኮብልስቶኑ አዳልጦዎት ከወደቁ ሁለት ሳምንት ሆነ። ሁለቴ ደወልኩ፤ ሁለቴም «ደህና ነኝ» አሉኝ። ወሬውን ያገኘሁት ከእማዬ ነው።

እማዬ አምና ወድቃ የእጇ አንጓ የተሰበረ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እርስዎ ግን ጉልበትዎን በጋቢ ሸፍነው ጭጭ! ወንዱ ወደቀ እንዳይባል ነው?

እዚህ ሜሪላንድ አረጋውያንን እንደምንከባከብ ያውቃሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሴቶች ይበልጥ ይወድቃሉ፣ ይሰበራሉም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንታቸው ቶሎ ይሳሳል፤ የጡንቻቸው ጉልበትም ከመጀመሪያው ከወንድ ያነሰ ነው። ወድቆ በመሞት ግን ወንዶቹ ይብሳሉ። የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ዓመት ሳይሞላው የመሞት ዕድሉም የወንዱ ይከፋል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰው የሚሞተው በመውደቅ ነው። ወንዶቹ በመሞት የሚብሱበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጣሪያና መሰላል ላይ የሚወጣው ወንዱ ነው። በ76 ዓመቱ ቆርቆሮ ሊመታ የሚወጣ ሰው እኔም አውቃለሁ።

ደግሞ ያ ከዘራ! ክንድዎ ላይ ያንጠለጥሉታል እንጂ ተደግፈውት አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ሲደገፉ ያፍራሉ እንዴ?

ሌሊት ለሽንት ሲነሱም ብድግ አይበሉ። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ድንገት ሲቆም ሊያዞረው ይችላል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አቡነ ዘበሰማያትን ይድገሙ፣ ከዚያ ይነሱ። ኪኒኑን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ፤ ለሐኪሙ ይንገሩት። መውደቅዎንም ጭምር!

አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ከወንበር ተነስተው እንደ ልማድዎ 3 ሜትር ይራመዱ፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ። ሚጡ አጠገብዎ ቆማ በስልኳ ትቁጠር። 12 ሰከንድ ከሞላ ወይም ካለፈ ሚዛንዎን ሐኪም ይየው። እማዬም ትሞክር። እሽቅድምድም አይደለም፤ እንዳይሮጡ!

እሑድ ስደውል የምጠይቀው ሰከንዱን ነው። መሰላሉን ለጎረቤት እንድትሰጥ ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷን አይቆጧት።

ልጅዎ