የልቤን ምት አብራችሁኝ ለቆጠራችሁ

ያለፉትን አምስት ወራት ከጎኔ ላልጠፋችሁ ሁሉ በየቤታችሁ ዞሬ እንዳላመሰግን ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ጻፍኩላችሁ።

የጀመረኝ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ልቤ ድንገት እንደ ፈንዲሻ ይዘል ጀመር። ይፈጥናል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይደራረባል። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ "ጨጓራ ነው፣ ጭንቀትም አለብሽ" ብሎ ሸኘኝ። ሁለት ሳምንት የጨጓራ መድኃኒት ዋጥኩ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። እጄን ይዞ "እህቴ፣ ይሄ ጨጓራ አይደለም" ያለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድምዬ፣ ጎትተህ ሆስፒታል ስለወሰድከኝ እድሜ ይስጥልኝ።

የልብን ምት በወረቀት የሚመዘግበውን ኢሲጂ ስነሳ ልቤ በተቀመጥኩበት በደቂቃ 142 ጊዜ ይመታ ነበር። ያረፈ ሰው ልብ ከ60 እስከ 100 ነው። ዶክተሬ ወረቀቱን ይዘው አጠገቤ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች በወጉ መኮማተር ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ደም እዚያ ይተኛና ሊረጋ ይችላል። የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ሳይቸኩሉ ስላስረዱኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ልቤ በኤሌክትሪክ ወደ ምቱ እንዲመለስ መጀመሪያ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን መዋጥ ነበረብኝ። ደሜ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው፣ አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 ሆኖ 3 ሳምንት ሳይወርድ መቆየት አለበት። እኔ ደግሞ ሁዳዴ ገባብኝ። ሁዳዴ ያለ ጎመን ይሆናል? በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሬ ወደ 1.6 ወረደ። ለካ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ቆጠራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ያን ቀን አለቀስኩ።

"ጎመን አትተዊ፤ መጠኑን ግን አትቀያይሪ" አሉኝ ዶክተሬ። ይህን የሰማችሁ የግቢያችን እናቶች ያደረጋችሁልኝን እስክሞት አልረሳውም። አንዲት ጭልፋ ለያችሁ፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሰራችሁባት። ማንም ቤት ብበላ ያቺ ጭልፋ ትመጣለች። በቀን አንዴ፣ አንድ ጭልፋ። ማኅበር ላይ እንኳ "የእሷ ተለክቷል፣ እንዳትጨምሩባት!" ይባል ነበር። እትዬ፣ ማታ ማታ እጄን ይዘው የግድግዳ ሰዓት እያዩ የቆጠሩልኝን፣ ቁጥር ሲጠፋብዎት ከአንድ የጀመሩትን እንዴት ልመልሰው?

ከፋሲካ በኋላ ለኤሌክትሪኩ ሕክምና ተጠራሁ። ነርሷ ግንባሬን ዳበስ አድርጋ "ትንሽ እንቅልፍ ነው፣ አትፍሪ" አለችኝ። ስነቃ ደረቴ ላይ ፀሐይ የመታው የሚመስል ቅላት ነበር። ውስጡ ግን ጸጥ ብሏል። እውነቴን ነው፣ ጸጥታው አስደነገጠኝ፤ ልቤ የቆመ መሰለኝ። "እስኪ ስክሪኑን እይው" አለችኝ። 72። እኩል እኩል፣ እንደ ጥሩ ስፌት። የኔ እህት፣ አብረሽኝ ስላለቀስሽ አመሰግንሻለሁ።

መድኃኒቱን አላቆምኩም፤ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ምቱ ተመልሶ ሊዛባ እንደሚችልም ነግረውኛል፤ ክትትሌን አልተውም። ለደም ምርመራ ገና ሳይነጋ በር ላይ ቆመህ የጠበቅኸኝና ሒሳብ አልቀበልም ያልከኝ ባለላዳ ጎረቤቴ፣ መንገድህ ይቅና። እድርተኞች፣ ተባረኩ።

የፋሲካ ቀሚሳችሁ ሳይደርስ ቀርቶ "ቀሚሱ ይቅር፣ አንቺ ብቻ ዳኝልን" ላላችሁኝ ደንበኞቼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰባቱም አልቀዋል፤ ተተኩሰው ተሰቅለዋል። ከሰኞ ጀምሮ ሱቅ ነኝ፣ መጥታችሁ ውሰዱ።