የተጠየቀው ሁሉ በየራሱ ይመለስ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ ነኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀትና የሒሳብ መዝገብ በጅምላ እሸጣለሁ። ሚኒስትሮች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቀርበው ሲጠየቁ ሱቄ ውስጥ ባለችው ቴሌቪዥን እከታተላለሁ። በተከታተልሁ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ጥያቄው ይቀርባል፣ መልስም ይሰጣል፤ የተጠየቀውና የተመለሰው ግን ሳይገጣጠሙ ስብሰባው ያበቃል።

ስርጭቱን ያየ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ሪፖርት ይቀርባል። ከዚያ አባላቱ አፈ ጉባኤውን እያመሰገኑ በየተራ ይጠይቃሉ። አንዱ ስለ ሠራዊቱ ስምሪት፣ ሌላዋ ስለ ውጭ ምንዛሬ፣ ሦስተኛው ስለ ማዳበሪያ፣ ቀጣይዋ ደግሞ በምርጫ ክልሏ ተጀምሮ ስለቆመ መንገድ ታነሣለች። ይህ ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ መላሹ ተነሥተው በአንድ ንግግር ያጠቃልሉታል። ከፈለጉት ይጀምራሉ፣ የተመቻቸውን ያሰፋሉ፣ ያልተመቻቸውን ከሌላው ጋር አያይዘው ያልፉታል። ጠያቂው እንደገና ተነሥቶ «የጠየቅሁት ይህን አልነበረም» የሚልበት ዕድል አይኖርም።

ሁሉም ሚኒስትር ሆን ብሎ ያድበሰብሳል አልልም። ቁጥር ጠቅሰው፣ ጉድለታቸውን ሳይሸሽጉ የሚመልሱም አይቻለሁ። አካሄዱ ግን ለማድበስበስ የፈለገውን የሚይዝ አይደለም።

በአንዱ ስብሰባ ጊዜ የሽያጭ መመዝገቢያ ደብተር ገልጬ ከመሐሉ አሰመርሁና ጥያቄውን በግራ፣ መልሱን በቀኝ መጻፍ ጀመርሁ። ግራው ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተሻገረ። በቀኙ በኩል ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ሰፊ ጽሑፍ አለ። ከክልላችን የተመረጡ አንድ አባል ስለ መንገድ መዘጋት የጠየቁት ጥያቄ ትይዩ ግን ባዶ ነው፤ ስለ ተዘጉ ትምህርት ቤቶች በተነሣው ትይዩ «በቅንጅት እየተሠራ ነው» የሚል ብቻ ጽፌአለሁ። ሱቅ የምታግዘኝ ልጅ በትከሻዬ በኩል ስታይ ቆይታ «እትዬ፣ ይኼ ባዶው ነገ ይመለስ ይሆን?» አለችኝ። በማግስቱ ሌላ አጀንዳ ነበር። ያ ጥያቄ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

በእኛ ሥራ ዕቃ በደፈናው አይረከቡም። ካርቶን ሲወርድ የጭነቱን ወረቀት ይዤ እቆጥራለሁ፤ የጎደለ ካለ ሾፌሩ ሳይንቀሳቀስ እዚያው ተጽፎ ይፈረምበታል። የመረጥነው ሰውም የጠየቀውን ቆጥሮ ሊረከብልን ይገባል።

ነጋዴ ስለ መከላከያ ምን አገባት የሚል ይኖር ይሆናል። በነሐሴ አጋማሽ ከመራዊ፣ ከአዴት፣ ከዳንግላ፣ ከደብረ ታቦር ቸርቻሪዎች ይመጡ ነበር። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በደርዘን እየቆጠሩ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ጭነው ይሄዳሉ። ሱቁ እስከ ማታ ሰው አያጣም፤ ለምሳ እንኳን አንቀመጥም። በክልላችን ግጭቱ ከተባባሰበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄዷል። ከገጠር ወረዳ የምትመጣ አንዲት የቆየች ደንበኛዬ አንድ ቀን ባዶ እጇን ገብታ ሰላም አለችኝና ደብተሩን በዓይኗ ቃኝታ «ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ለማን ልሽጠው?» ብላ ወጣች። ደርዘኖቹ የታሸጉበት ላስቲክ አቧራ ይዟል። ካርቶኑ ላይ በእጄ የጻፍሁት ዋጋም ከአንዴም ሁለቴ ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ወረቀት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ በዚያ አቧራ በያዘ ደርዘን ላይ መከላከያም፣ ንግድም፣ ገንዘብም፣ ትምህርትም አሉበት። ጥያቄው ወደ ምክር ቤት ሲሄድ ግን ተበታትኖ ነው የሚሄደው። የትምህርቱ ኃላፊ የጸጥታ ችግር ነው ይላሉ። የንግዱ ኃላፊ አቅርቦቱን ያጓተተው የመንገድ ደኅንነት ነው ይላሉ። የጸጥታው ኃላፊ ሰላሙ በአብዛኛው አካባቢ ተመልሷል ይላሉ። ሦስቱን በአንድ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሰላሙ ከተመለሰ ትምህርት ቤቱ ለምን አልተከፈተም?» ብሎ የጠየቀ እስካሁን አላየሁም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ በእርሱ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ያ መኪና ግን ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ወረታ ከመቀጠሉ በፊት ሾፌሩ ስልክ ደዋውሎ የመንገዱን ወሬ መጠየቅ አለበት።

የጸጥታ ጉዳይ በአደባባይ አይጠየቅም የሚሉ ሰዎች ሕገ መንግሥቱን ይመልከቱ። አንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ የመከላከያንና የፖሊስን አደረጃጀት የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን እዚያው አንቀጽ ላይ አለ። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል መሆን አለበት ይላል፤ ሠራዊቱ ለሕዝብ ተወካዮች መልስ የሚሰጥ የሲቪል ኃላፊ እንዲኖረው ነው። በእርግጥም በአደባባይ የማይነገር ምስጢር ካለ ምክር ቤቱ በአባላቱ ድምፅ በዝግ መሰብሰብ ይችላል። የአንድ ክፍለ ጦር አቀማመጥ ምስጢር መሆኑን ማንም ይረዳል። የአንድ የሕዝብ መንገድ መቼ እንደሚከፈት ግን ምን ምስጢርነት አለው?

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ታወጀ፤ ነሐሴ 8 ቀን ምክር ቤቱ አጸደቀው፤ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለተጨማሪ አራት ወራት አራዘመው። ያ ጊዜ አባላቱ አብዝተው፣ አጥብቀው ሊጠይቁ የሚገባበት ነበር፤ የምንኖረው በእነርሱ ድምፅ በጸደቀ አዋጅ ሥር ነበርና። በዚያው ወቅት ግን ከክልላችን ተመርጠው አስፈጻሚውን በድፍረት በመጠየቅ የሚታወቁ አባላት ታሠሩ። አንቀጽ 54 አባል በምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድም አይያዝም ይላል። ጠያቂው ሲታሰር ያየ ሌላው አባል በቀጣዩ ስብሰባ ጥያቄውን ለስለስ ቢያደርግ አይገርመኝም፤ ያሳዝነኛል እንጂ።

መጠየቅ የተቃዋሚ ሥራ ብቻ አድርጎ ማየትም ሌላው ችግር ነው። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው፤ ከዚህ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። በ2013ቱ ምርጫ ተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ያገኘው አምስት መቀመጫ ነው። አምስት ሰዎች የዚህን ሁሉ ሕዝብ ጥያቄ ሊሸከሙ አይችሉም። የገዢው ፓርቲ አባልም የተመረጠው በእኛ ድምፅ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ተገዢነቱን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው አደረገው እንጂ ለፓርቲው አላለም።

አጠያየቁም ቢሆን ይታሰብበት። «በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ እንዴት ይታያል?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ይቀመጣል። «የንግዱን ማኅበረሰብ ችግር ለመፍታት ምን ታስቧል?» ለሚለውም አንድ ስትራቴጂ ተዘጋጅቷል ማለት ይበቃል። ጥያቄው ቦታና ቀን፣ ገንዘብና ኃላፊ የሚጠቅስ ሲሆን ግን ማምለጫው ይጠብባል። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ደጀን ባለው መንገድ ላይ የጭነት መኪና በኬላዎች የሚጠየቀው ክፍያ በየትኛው ሕግ የተፈቀደ ነው? ገንዘቡ በየትኛው ደረሰኝ ተሰብስቦ ወደየትኛው ካዝና ይገባል? አልተፈቀደም ከተባለ እስካሁን በዚህ ጉዳይ ማን ተጠየቀ? እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ሚኒስትር ወይ ያውቃል ወይ አያውቅም። አላውቅም ማለትም መልስ ነው፤ ቢያንስ ማወቅ ያለበት ሰው አለማወቁን እናውቃለን። አንድ አባል በዚህ ዓይነት ጥርት አድርገው ሲጠይቁ የሰማሁበት ቀን ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ነበር።

እናቴ የሞጣ ልጅ ነበረች፤ የ1960ው የእርሻ ገቢ ግብር ጎጃም ላይ ያመጣውን ከእርሷ አፍ ነው የሰማሁት። አዋጁ በጊዜው ፓርላማ ውስጥ አልፎ የወጣ ነው። ገበሬው ግን መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሰጋ፤ ስጋቱን ወስዶ የሚጠይቅለት፣ መልሱንም ይዞለት የሚመለስ ሰው አላገኘም። ሽማግሌ ላከ፣ አቤት አለ፣ በመጨረሻ ጠመንጃ አነሣ። ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላን መጣበት። ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ የምትቆጨው «ያኔውኑ ቢሰሙን ኖሮ» እያለች ነበር።

ስለዚህ የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ይሻሻል እላለሁ። ሚኒስትሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በየራሱ ይመልሱ፤ ጠያቂውም ቢያንስ አንድ ተከታይ ጥያቄ የማቅረብ መብት ይኑረው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በሕንድ የታችኛው ምክር ቤት ለጥያቄ የተመደበ ሰዓት አለ፤ በቃል እንዲመለስ ለተመዘገበ ጥያቄ ተከታይ ጥያቄ ይፈቀዳል፤ ሌላው በጽሑፍ ተመልሶ ለሁሉም ይታተማል። በእኛም ምክር ቤት ጊዜ አልበቃም የተባለው ጥያቄ ቀን ተቆርጦለት በጽሑፍ ይመለስ፤ መልሱም በጋዜጣ ይውጣ። ቋሚ ኮሚቴዎቹም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹን ለየብቻ ከመጥራት አልፈው፣ አንድ ችግር ሦስት መሥሪያ ቤት ሲነካ ሦስቱንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡ።

ለባሕር ዳር ሕዝብ ተወካይም በዚሁ አጋጣሚ ጥያቄዬን አደርሳለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ዕድሉን ሲያገኙ የመከላከያ ሚኒስትሩ ባሉበት፣ የትምህርት ሚኒስትሩም ባሉበት ይጠይቁልኝ፤ በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም፣ በሰሜንና በደቡብ ጎንደር ተዘግተው ከቆዩት ትምህርት ቤቶች በስም የትኞቹ በመስከረም ይከፈታሉ? መምህራኑና ተማሪዎቹ የሚሄዱበትን መንገድ ደኅንነትስ የሚያስጠብቀው የትኛው አካል ነው? ዝርዝሩ ወረዳ በወረዳ ቢነበብ ለእያንዳንዱ ወረዳ ስንት ደርዘን ደብተር ማዘዝ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ የደንበኞቼንም ስልክ ይዤአለሁ፣ በዕለቱ እደውልላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ፣ ከባሕር ዳር