ሽጉጥና የምርጫ ጣቢያ፦ የቨርጂኒያው የ40 ጫማ ክልከላ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ምርጫ በቀረበ ቁጥር የዕጩዎችን ዝርዝርና የምርጫ ጣቢያዎችን የሥራ ሰዓት ታወጣላችሁ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባችኋል። ከዚያው ገጽ ላይ በምርጫ ጣቢያ አካባቢ ጦር መሣሪያ መያዝን የሚከለክለው ሕግ እንዲታከል ነው ይህን የምንጽፈው። ሕጉ የወጣው መሣሪያ ይዞ መራጭ የሚያስፈራራውን ሰው ለመከልከል ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ግን ሳያውቅ ሊጥሰው የሚችለው ሌላ ሰው ነው፤ የሌሊት ጥበቃውን ጨርሶ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ሽጉጡን ከወገቡ ሳይፈታ፣ ድምፁን ሰጥቶ ሊተኛ የሚቸኩለው የታጠቀ ሴኩሪቲ።

ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በጸናው የቨርጂኒያ ሕግ፣ ለምርጫ ጣቢያነት ከሚያገለግል ሕንጻ ወይም የሕንጻ ክፍል በ40 ጫማ ርቀት ውስጥ እያወቁ ጦር መሣሪያ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። 40 ጫማ 12 ሜትር ከ20 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ሁለት መኪና ተኩል ያህል ርዝመት። ክልከላው ጣቢያው ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀምርና ከተዘጋ አንድ ሰዓት በኋላ ያበቃል። የቨርጂኒያ ጣቢያዎች ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ስለሚሠሩ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ቆጠራው የሚረጋገጥበት የምርጫ ቦርድ ስብሰባና ድጋሚ ቆጠራ የሚካሄድባቸው ሕንጻዎችም በዚሁ ሕግ ውስጥ ናቸው። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልኬቱ ነው። የምርጫ ቅስቀሳን የሚከለክለው ሌላው 40 ጫማ የሚለካው ከመግቢያው በር ነው፤ መሬት ላይ በቴፕ ወይም በምልክት የሚታየውም እሱ ነው። የመሣሪያው 40 ጫማ ግን የሚለካው ከሕንጻው ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ውጭ፣ ከሕንጻው ጀርባ ግድግዳ ሥር መኪናውን ያቆመ ሰው ከቅስቀሳው ክልል ውጭ ሆኖ ከመሣሪያው ክልል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሕጉ «የሕንጻ ክፍል» ስለሚል፣ ድምፅ የሚሰጠው በትምህርት ቤቱ ጂም ብቻ ከሆነ ልኬቱ ከጂሙ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ለዚያ ክርክር ግን ሰው ነጻነቱን ማስያዝ የለበትም፤ ከጠቅላላው ሕንጻ ይቁጠር።

ክልከላው የማይመለከታቸው ሦስት ወገኖች ናቸው። በሥራ ላይ ያሉና በጡረታ የተገለሉ ሕግ አስከባሪዎች፣ በክልሉ ውስጥ በሚገኝ የራሳቸው ይዞታ ላይ ያሉ ሰዎች፣ እንዲሁም ሥራቸው ወይም ግዳጃቸው በዚያው 40 ጫማ ውስጥ የሆነ ፈቃድ ያላቸው የታጠቁ ጥበቃዎች። የመጨረሻው በጥንቃቄ ይነበብ። ከዚያ ክልል ውጭ ባንክ ወይም ሆስፒታል የሚጠብቅ ሴኩሪቲ የሥራ ፈቃዱ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ ሊመርጥ ሲመጣ እንደ ማንኛውም መራጭ ነው። ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድም እዚህ አያድንም።

ቀጥሎ መኪና። የቨርጂኒያ የትምህርት ቤት ሕግ፣ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ያለው ሰው በትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ መኪናው ውስጥ እስካለ ድረስ ሽጉጥ ቢኖረው ይታገሠዋል። በዚህ ምክንያት ልጁን በየቀኑ የሚያደርስ አባት ያው ልማድ በምርጫ ቀንም የሚሠራ ይመስለዋል። የ40 ጫማው ሕግ ግን ለመኪና የተለየ ፈቃድ አይሰጥም፤ በመኪናው መሳቢያ የተቆለፈ ሽጉጥ ከወገብ ላይ ካለው አይለይም። ይህ ይበልጥ የሚያሳስበው አረጋውያንን በምናመጣበት ጊዜ ነው። በቨርጂኒያ 65 ዓመት የሞላቸው ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው መራጮች ከመኪና ሳይወርዱ ድምፅ መስጠት ይችላሉ። ለዚህ የሚመደበው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በሩ አጠገብ ነው። እናቱን ይዞ የመጣ ልጅ፣ እሱ ራሱ ባይመርጥም፣ መኪናው ውስጥ መሣሪያ ካለ ከነመሣሪያው ክልሉ ውስጥ ገብቷል።

ያ ልጅ ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ ጉዳዩ ከገንዘብ ቅጣት ያልፋል። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ጦር መሣሪያ ከሕግ ውጭ በመያዝ መፈረድ ራሱን ችሎ ለመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ክስ የገጠመው ሰው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማነጋገር አለበት። ክሱ ቀላል ነው ተብሎ መፈረም ብዙ ሰው ጎድቷል።

በዋሽንግተን ዙሪያ በአንድ ቀን ሦስት ግዛት ማቋረጥ የተለመደ ስለሆነ ይህም ይታወቅ፦ የቨርጂኒያ የሽጉጥ ፈቃድ በሜሪላንድም በዲሲም ዋጋ የለውም። በሜሪላንድ ክልከላው 100 ጫማ ነው፤ በዲሲ የዲሲው ፈቃድ ያለውም ቢሆን ድምፅ እየተሰጠ ወዳለበት ጣቢያ መሣሪያ ይዞ አይገባም። በጆርጂያ 150 ጫማ ነው። በቴክሳስ ክልከላው ሕንጻውን እንጂ ፓርኪንጉን አይጨምርም፤ ቅጣቱ ግን ከባድ ነው፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት። ርቀቱ በየጊዜው በሕግ አውጪዎች ስለሚነሳ፣ ከእያንዳንዱ ምርጫ በፊት የካውንቲውን የመራጮች ምዝገባ ቢሮ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«መሣሪያ መታጠቅ ሕገ መንግሥታዊ መብቴ አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነው። ነገር ግን የመታጠቅን መብት በእጅጉ ያሰፋው የ2022ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ራሱ ምርጫ ጣቢያን መሣሪያ ሊከለከልባቸው ከሚችሉ ቦታዎች አንዱ አድርጎ ጠርቶታል። የደላዌር ሕገ መንግሥት በ1776 ታጥቆ ወደ ምርጫ መምጣትን ከልክሎ ነበር።

ታጥቆ ለሚሠራ ሰው ቀላሉ መንገድ በፖስታ መምረጥ ነው። በቨርጂኒያ ምክንያት አይጠየቅም፤ ጥያቄው ከምርጫው ቀን 11 ቀን በፊት መድረስ አለበት። የሞላውን ወረቀት ግን በምርጫው ቀን ጣቢያው ላለው ሳጥን አስረክባለሁ ካለ፣ ያው 40 ጫማ ውስጥ ገባ። በአካል የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ቤቱ ይግባና መሣሪያውን ያስቀምጥ። ሰልፍ ላይ ቆሞ ሽጉጡ ትዝ ያለው ደግሞ አያውጣው፣ ለጓደኛም አያቀብል፤ ወዲያው ከሰልፉ ወጥቶ ይሂድና ያለ መሣሪያ ይመለስ። ሰው ፊት መሣሪያ መነካካት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሠራተኞችም ሆነ የሚጠራውን ፖሊስ ያስደነግጣል።

የፌዴራሉ የምርጫ ቋንቋ ሕግ የሚሸፍነው የስፓኒሽ፣ የእስያና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ስለሆነ፣ ካውንቲዎች በአማርኛ እንዲያሳውቁ አያስገድድም። ስለዚህ ማስታወቂያውን ከእናንተ እንጠብቃለን። የታጠቀ ሰው በሩ ላይ ምልክት ሲያይ ክልሉን አልፎ ገብቷልና፣ ለጥበቃ ድርጅት የሺፍት ኃላፊዎች፣ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለዕድሮች አስቀድሞ እንዲደርስ ቢደረግ መልካም ነው። የፖስታው ጥያቄ እንዳያመልጥም ከምርጫው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ