ትራይክ የምትገዙ ሰዎች መጀመሪያ ጎማውን እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። እዚህ ኮሎራዶ አውሮራና ዴንቨር ካለነው ውስጥ ወገቡን ወይ ጉልበቱን የሚያመው አንዳንድ ሰው ሪከምበንት ትራይክ መግዛት ጀምሯል፣ ያው ወደ ኋላ ጋደም ተብሎ እግር ወደፊት ተዘርግቶ የሚነዳው ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል። ሰዉ ከቤት ወጥቶ ሲንቀሳቀስ ሳይ ደስ ነው የሚለኝ፣ ግን ሁሉም የሚጠይቀኝ ስንት ማርሽ አለው፣ ስንት ይከብዳል፣ ዋጋውስ እያለ ነው፣ ስለ ጎማው የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ።

ለምን ብትሉ፣ ተራ ሳይክል ጎማው ቢተነፍስ ወርደህ እየገፋህ ቤትህ ትገባለህ። ትራይክ የሚነዳው ሰው ግን ብዙ ጊዜ መግፋት የማይችል ሰው ነው፣ ጎንበስ ብሎ መነሳት የሚከብደውም አለ፣ እሱ ሰውዬ ከቤቱ ርቆ ጎማው ሲተነፍስበት ምን ያድርግ? በዛ ላይ የተራ ሳይክል የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ ነው የሚከተለው፣ ትራይክ ግን ሦስት ዱካ አለው፣ እሾህ የማግኘት ዕድሉም በዛው ልክ ይሰፋል።

እሾህ የምለው ኩርንችትን ነው። አገር ቤት በባዶ እግሩ የሮጠ ሁሉ ያውቀዋል፣ እዚህ ጎትሄድ የሚሉት ራሱ ነው፣ መሬት ላይ ተነጥፎ ቢጫ አበባ ያወጣና ሰመር ሲጋመስ ፍሬው እየደረቀ የመንገዱን ዳር ይሞላዋል፣ እስከ ፎል ድረስ ቼሪ ክሪክ ትሬይል በሚባለው የሳይክል መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ስስ ጎማ ይዞ ባይወጣ ይሻለዋል። እንደ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ ያለው ጎማ ከመርገጫው ስር 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን መከላከያ ንጣፍ አለው። ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ይታወቃል፣ እውነት ነው፣ ግን እኛ ውድድር ላይ አይደለንም። ለሦስቱም መግዛት የማይችል ጠንካራውን ኋላ ያድርግ፣ ምክንያቱም ፊት ሁለት ኋላ አንድ ጎማ ባለው ትራይክ የፊት ጎማዎቹ በአንድ በኩል ብቻ ስለተያዙ ቸርኬው ሳይወልቅ የውስጡን ጎማ አውጥቶ መለጠፍ ይቻላል፣ የኋላው ግን ሰንሰለትና ማርሽ አለበት፣ መንገድ ላይ እሱን መፍታት ለታመመ ሰው ጭንቅ ነው።

ሃይ ላይን ካናል ትሬይል ደግሞ ሌላ ነው። 71 ማይል ነው፣ ከፊሉ አስፋልት ከፊሉ ደቃቅ ጠጠር፣ እዛ ላይ 50 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሰፊ ጎማ አድርጎ ነፋሱን ቀነስ ማድረግ ነው፣ ስፕሪንግ የሌለው ትራይክ ንዝረቱን ሁሉ ወገብ ላይ ነው የሚያሳርፈው፣ ሰፊ ጎማ ያንን ይቀንሳል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ፓራፋንጎው ጋ እንዳይነካ ለኩ። ሁለት ጎማ ፊት ያለው ትራይክ ክብደቱ ወደፊት ስለሚያመዝን ጠጠር ዳገት ላይ የኋላው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ስለዚህ ጥርስ ያለው ጎማ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ቁጥሩንም አንብቡ። 20 ኢንች ስለተባለ ብቻ አይገጥምም፣ 406 እና 451 የሚባሉ ሁለት ልክ አሉ፣ ሁለቱም 20 ኢንች ይባላሉ አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። ጎማው ጎን ላይ 47-406 ካለ 47ቱ ስፋቱ ነው 406ቱ የቸርኬው ልክ ነው፣ የነፋሱም መጠን እዛው ተጽፏል።

ክረምት ላይ ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ ተመልሶ ይረጋና ጠዋት አስፋልቱ ላይ የማይታይ በረዶ ይሆናል። ትራይክ አይወድቅም ብሎ መዘናጋት አይገባም፣ በቀላሉ ባይወድቅም ይንሸራተታል፣ መኪና መንገድ ውስጥ መንሸራተት ደግሞ ከመውደቅ አይተናነስም። ብረት ጥርስ ያለው የክረምት ጎማ በ406ም ይገኛል። እዚህ ላይ ገንዘብ ካነሰ ለፊቶቹ ሁለቱ ነው የምለው፣ መሪውም ፍሬኑም እነሱ ላይ ነው። ብርዱ ራሱ ነፋሱን ስለሚቀንሰው ከመውጣታችሁ በፊት ለኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። የፊቶቹ ጎማዎች ትይዩ ካልሆኑ የትኛውም ውድ ጎማ በአጭር ጊዜ ተፍቆ ያልቃል፣ ሰውየው ተቀምጦበት በሁለቱ መሀል ያለውን ርቀት በጎማዎቹ የፊት ጫፍም በኋላ ጫፋቸውም ለክቶ ማየት ነው፣ ልዩነቱ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ካለፈ ይስተካከል።

ደብዳቤዬን ብታወጡልኝ በተለይ ለእናት ለአባታቸው ትራይክ የሚገዙ ልጆች እንዲያነቡት ነው። የት ነው የሚነዱት፣ በየትኛው ወር፣ ቢተነፍስስ ማን ይደርስላቸዋል ብላችሁ አስቡና ጎማውን እዛው ሱቅ እያላችሁ የልዩነቱን ከፍሎ ማስቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአውሮራ ኮሎራዶ