ባስ የሚዘምር ጠፍቶ ነው የተመለስኩት

ሰላም ለአዘጋጁ፣ ጋዜጣችሁ ሀዋሳ እኔ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው ስለዚህ መልሴም ዘግይቷል ይቅርታ። አንድ አንባቢያችሁ ጌይ የሆነ ሰው ቤተክርስቲያን ውስጥ ምን ይሰራል ብሎ የጻፈውን አነበብኩት። ጥያቄ ይሁን ስድብ አልገባኝም፣ እኔ እንደ ጥያቄ ወስጄዋለሁ። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ የመዝሙር ልምምድ አለን፣ እሁድ እዘምራለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ አግዳሚ ወንበሮቹን እመልሳለሁ። የምሰራው ይሄንን ነው።

ካቶሊክ ነኝ፣ ያደግኩት ሲዳማ ገጠር ነው፣ አባቴ ካተኪስት፣ ማለትም የሃይማኖት አስተማሪ ነበር። በአገራችን ካቶሊክ ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም፣ ሰፈር ውስጥ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እናንተ ደግሞ ምንድናችሁ ይለን ነበር፣ ስለዚህ ጥቂት መሆንን ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። 9ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሌላውን ማነስ አወቅኩት። እኛ እርስ በርሳችን ዜጋ ነው የምንባባለው፣ ሌላው ሰው ምን እንደሚለን ጋዜጣ ላይ አይጻፍም።

እና አራት ዓመት ሙሉ ቁርባን አልቀረብኩም። መሃል ላይ አንድ ጓደኛዬ ነገሬን ሲያውቅ አዝኖልኝ ነጻ ትወጣለህ ብሎ የጸሎት ፕሮግራም ወሰደኝ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ስፒከሩ ጆሮ ይበጥሳል፣ አገልጋዩ ግንባሬን ይዞ ገፋኝ አልወደቅኩም፣ ደግሞ ገፋኝ፣ ሦስተኛው ላይ ከኋላዬ ሊይዙኝ የቆሙት ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ አሳዘኑኝና ወደቅኩላቸው። ወጣልህ ተብሎ ተጨበጨበ። ማታውኑ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ያው እኔው ነበርኩ፣ የጨመርኩት ነገር ቢኖር ውሸት ነው።

ከዛ በኋላ ነው አንድ ቀን ሳላስበው ኑዛዜ የገባሁት። ካህኑ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው፣ ሲዳምኛቸው ከአማርኛቸው ይሻላል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የነገሩንም ስም ጠርቼ። ዝም አሉ። ይጮሁብኛል ብዬ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ስጠብቅ ሦስት ጊዜ ሰላም ለኪ በል አሉኝ፣ ፈቱኝ፣ ከዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሰራለህ አሉኝ። ምንም አልኩ። ድምፅህ ወፍራም ነው፣ ኳየሩ ውስጥ ባስ የሚዘምር ጠፍቷል፣ 10 ሰዓት ና። ትምህርት እንዳይመስላችሁ፣ በእውነት ባስ ጠፍቶባቸው ነበር!

ቤተክርስቲያኗ ትፈቅድልሃለች ማለቴ አይደለም፣ እዚህ ጋ ሰው ይደናገራል። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ የሚባለው የእምነታችን መጽሐፍ ቁጥር 2357 ድርጊቱን ከተፈጥሮ ሥርዓት የወጣ ይለዋል፣ ሳነበው አሁንም ይቆጠቁጠኛል። ቀጣዩ 2358 ደግሞ እንደኔ ያለውን ሰው በአክብሮትና በርኅራኄ ተቀበሉ፣ ያለ አግባብ አታግልሉ ይላል፣ 2359 በንጽሕና ኑሩ ይላል። ሦስቱም አንድ ገጽ አካባቢ ናቸው፣ የሚገርመኝ የኛ ሰው የመጀመሪያውን በቃሉ ይዞ መሃለኛውን የሚዘለው ነገር ነው። እኔ ሦስተኛውን እንዴት እንደምኖረው የምናገረው ለንስሐ አባቴ ነው፣ ለናንተ አንባቢ አይደለም።

ታኅሣሥ 2016 ላይ ቫቲካን ካህናት የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን መባረክ እንዲችሉ የሚፈቅደውን ሰነድ ስታወጣ፣ ጥር ላይ የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤ በአህጉራችን ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ቡራኬ አይሰጥም ሲል፣ እዚህ ሀዋሳ ሻይ ቤቱ ሁሉ የሃይማኖት ምሁር ሆኖ ነበር። እኔ ግን አብሮኝ የሚባረክ ጥንድም የለኝ፣ ቡራኬም አልጠየቅኩ፣ አሳዬን በዳጣ እየበላሁ አዳመጥኳቸው። ከሁሉ በላይ የነካኝ ጥር 2015 ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ የተናገሩት ነው፣ ኃጢአት ሌላ ወንጀል ሌላ ነው፣ ይሄ ወንጀል አይደለም አሉ። የኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ወንጀል ነው ይላል። ኃጢአቴን ለካህን ልናገር እችላለሁ፣ ስሜን ግን እዚህ ደብዳቤ ስር መጻፍ አልችልም፣ ልዩነቱ ለኔ ይሄ ነው።

ፍራንችስኮስ ያረፉት በ2017 በትንሣኤ ማግስት ሰኞ ነው፣ የዛን ዓመት ፋሲካችን ከፈረንጆቹ ጋር አንድ ቀን ውሎ ነበር። ዜናውን ስሰማ አሞራ ገደል አሳ ገበያው ጋ ነበርኩ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ወትሯቸው አንገታቸውን ቀብረው የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ፣ እኔ ስልኬን ይዤ እዛው ሐይቁ ዳር አለቀስኩ። አጠገቤ ያለው አሳ አጥማጅ ማን ሞተብህ አለኝ፣ አባቴ አልኩት፣ ነፍስ ይማር ብሎ የተቀመጠበትን ድንጋይ ለቀቀልኝ።

ከቅዳሴ በኋላ አብራኝ ወንበር የምትመልስ አንዲት እናት አለች። የምታውቅ ይመስለኛል። አንድ እሁድ ጎረቤቷ ይሄ ልጅ ለምን አያገባም ስትላት አንቺ አግብተሽ ምን አተረፍሽ ብላ አፏን አዘጋቻት፣ ከዛ ወደኔ ዞራ ያዝ እንጂ ወንበሩን አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ከነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ይልቅ የያዘኝ እሷ ናት።

አንባቢያችሁ መልሱ ካልጣመው ይጻፍ፣ እኔም አነበዋለሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን። ስሜን እንዳታወጡ አደራ። ባስ የምንዘምረው ሦስት ሰው ነን፣ ይሄን መጻፌ ራሱ አሁን አሳስቦኛል፣ ግን ልተወው።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ