ቢጫው ካርታና ሰማያዊው ካርታ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ቤት እጥረት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ስንት ቤት እንደሚሠራ፣ በስንት ዓመት፣ በምን ያህል በጀት፣ ሁሉም አለ። ያጣሁት አንድ ነገር ነው። ቤቶቹ የሚቆሙበትን መሬት የአደጋ ስጋት መሥሪያ ቤቱ አይቶታል ወይ? ዘጋቢያችሁ አልጠየቀም፤ ባለሥልጣኑም አላነሳም። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ በፕላን ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ግን ነገሩ ከነከነኝ። የአንድ የቤት ልማት ፕላን ብርሃን በሚያሳልፍ ካልክ ወረቀት አሳተምኩ፤ መኖሪያው በቢጫ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የጎርፍ ካርታ ለምኜ አመጣሁ፤ ውሃ የሚተኛበት በሰማያዊ። ስኬሉን አስተካክዬ ሁለቱን ደራርቤ መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው። የፕላኑ አንድ ጥግ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ባልደረባዬ ሲያልፍ አየውና "ፓርክ ነው እንዴ?" አለኝ። ፓርክ አልነበረም። ብሎክ በብሎክ ቤት የተደለደለበት ነበር።

ነገሩ የማንም ተንኮል አይደለም። ቤት የሚሠራው ክፍል ርካሽና ባዶ መሬት ይፈልጋል። መሬቱ ባዶ የቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በምክንያት ነው፤ ዝናብ ሲበዛ ውሃ ይተኛበታል፣ ወይም ይንሸራተታል። የቤት ልማት ሹም የሚለካው ባስረከበው ቁልፍ ብዛት ነው። የስጋት መሥሪያ ቤት ውጤት ግን ያልደረሰ አደጋ ነው፤ ላልደረሰ አደጋ ደግሞ ሪባን አይቆረጥም። ሁለቱ ሲጋጩ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አይከብድም።

ቱርክን እዩ። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 አገሪቱ አዲስ የመሬት መንቀጥቀጥ የግንባታ ደንብ አወጣች። በሜይ፣ ከሁለት ወር በኋላ ማለት ነው፣ ያለፈቃድ ወይም ከፈቃድ ውጪ ለተሠሩ ሕንፃዎች "ምሕረት" የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ባለቤቱ ይከፍላል፣ የምዝገባ ሰነዱን ይቀበላል። ሕንፃው መንቀጥቀጡን ይቋቋማል አይቋቋምም የሚለው የባለቤቱ ኃላፊነት ነው ተባለ። በሚሊዮን የሚቆጠር ማመልከቻ ጎረፈ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 መሬቱ በ7.8 መጠን ተናጠ። በዚያው ቀን ሌላ ከባድ መንቀጥቀጥ ደገመ። በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። የፈረሰው ሁሉ ምሕረት ያገኘ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በደንቡ ተሠራ የተባለም ፈርሷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ያው መንግሥት፣ በዚያው ዓመት፣ አንዱ ክፍል ሲያጠብቅ ሌላው ሲፈታ መዋሉ ነው።

አደጋው ከደረሰ በኋላማ ሁሉም ይነቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ በክራይስትቸርች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2010 እና ከ2011 የመሬት መንቀጥቀጦች በኋላ መንግሥት ከ7 ሺህ በላይ መኖሪያዎችን ገዝቶ ሰፈሮቹን ባዶ አድርጓል። ያን ያህል አቅም ያለው መንግሥት ስንት ነው?

ኮሚቴ ይቋቋም ልል አይደለም። ኮሚቴ ጠግበናል። ይልቅ ኔዘርላንድስ ያደረገችው ይገባኛል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የመሬት አጠቃቀም ፕላን የሚያወጣ አካል የውሃ አስተዳደሩን ማማከር በሕግ ግዴታው ሆኗል። ምክክሩም ማህተም ለማሳረፍ መጨረሻ ላይ የሚደረግ ሳይሆን ገና ከጅምሩ ነው። የውሃ ሰዎቹ ፕላኑን የመሻር ሥልጣን የላቸውም። ግን የውሃው ጉዳይ እንዴት እንደታየ ፕላኑ ላይ መጻፍ አለበት። ከዚያ በኋላ "አልሰማሁም" የለም።

እኔ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ገንዘብ የሚለቅቀው መሥሪያ ቤት የስጋት ካርታው ላልተያያዘበት የቤት ፕሮጀክት አይክፈል። የስጋት መሥሪያ ቤቱን ምክር የሻረ ሹም ካለ ስሙና ምክንያቱ ፋይሉ ውስጥ ይግባ። ብዕር ሲጨበጥ እጅ የሚከብደው ያኔ ነው።

የስጋት መሥሪያ ቤቱም ቢሆን አያምልጥ። "እዚህ አትሥሩ" ብሎ መቀመጥ ቀላል ነው። የት እንደሚሠራ ካላመለከተ ግን ቤት ያጣው ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ራሱ ይሠራል። በመሥሪያ ቤቱ የአደጋ ዕቅድ ውስጥም "ተፈናቃዮችን ማስጠለል" የምትል አንዲት መስመር ትገባለች፤ ተግባሩ ላይ ሲደርስ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ይከርማል፣ ልጆች ክፍል ያጣሉ። የትኛው ቤት ባዶ እንደሆነ፣ የትኛው ቶሎ ተጠግኖ ሰው እንደሚያስገባ የሚያውቀው የቤት ክፍሉ ነው። ዕቅዱ ሲጻፍ ግን አይጠራም።

ዘጋቢያችሁ ያንን ባለሥልጣን ድጋሚ ሲያገኛቸው ሁለቱን ካርታዎች አንድ ላይ እንዲያሳዩት ይጠይቅልኝ። መስኮት አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፕላን ባለሙያ