የዱር እንስሳት ዕጣ በጎረቤቶቻቸው እጅ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የሕዝብ ቁጥር እስከጨመረ ድረስ የዱር እንስሳት መጥፋታቸው የማይቀር ነው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ሲጻፍ አነባለሁ። ሐሳቡ ያሳስበኛል፤ ጥፋቱን ሁሉ በሰው ብዛት ላይ በማላከክ እውነተኞቹን ምክንያቶች ከተጠያቂነት ያወጣልና።

የሰሜን አሜሪካን ጎሽ ታሪክ እንመልከት። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ይህ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ 1,000 ገደማ ወርዶ ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕዝብ የዛሬውን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ጎሹን የፈጀው የቆዳ ንግድና ቆዳውን ወደ ገበያ ያደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው፤ ኑሯቸው በጎሹ ላይ የቆመውን ነባር ሕዝቦች በረሃብ ለማንበርከክ የነበረው ፍላጎትም ታክሎበታል።

አሁን ደግሞ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ዴሞክራቲክ ኮንጎ ወደሚዋሰኑበት ወደ ቪሩንጋ ተራሮች እንሂድ። በአፍሪካ ገጠሮች ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው፤ ማሳው እስከ ጫካው ጠርዝ ድረስ ይታረሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ 250 ያህል ብቻ የነበሩት የተራራ ጎሪላዎች በ2015 እና በ2016 በተካሄደው ቆጠራ 604 ሆነው ተገኙ። በእነዚያው ዓመታት ሕዝቡም በዝቷል። ጠባቂዎች በየቀኑ ጫካውን ያስሳሉ፣ የእንስሳት ሐኪሞች የታመሙትን ያክማሉ፣ ጎብኚዎች ከፍተኛ ክፍያ ይከፍላሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሩዋንዳ ከ2005 ጀምሮ ከፓርኮቿ የቱሪዝም ገቢ 5 በመቶውን፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ 10 በመቶውን ለአጎራባች ነዋሪዎች የልማት ሥራ ማዋሏ ነው። ድርሻው አሁንም ትንሽ ነው እላለሁ፤ መርሁ ግን ትክክል ነው።

ለምን ቢባል፣ የዱር እንስሳ የዓለም ሁሉ ቅርስ ነው ይባላል እንጂ ዕዳውን የሚሸከመው ጎረቤቱ ብቻ ነው። ዝሆን የዓመት ቀለቡን በአንድ ሌሊት የረገጠበት ገበሬ ልጆቹን ምን ያብላ? አንበሳ ላሟን የበላባት እናትስ? ካሳ እንዲከፈል በሕግ በተደነገገባቸው አገሮች እንኳ ማስረጃ አምጡ፣ ቆዩ፣ ነገ ተመለሱ እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የታወቀ ነው፤ የሞተው ከብት ሥጋ ላይ መርዝ ይደረጋል። አንበሳው ይሞታል፤ ሥጋውን የበሉ ጥንብ አንሳዎችም በመንጋ ያልቃሉ። ይህን የሚያስቆም የጥበቃ ኃይል ወይም አጥር አላየሁም። የሚያስቆመው ጎረቤቱ እንስሳው ከሞተበት ይልቅ በሕይወት ሲኖር የሚጠቀም ከሆነ ብቻ ነው።

ጥቅሙን ሁሉ ከቱሪስት መጠበቅም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ አውሮፕላኖችን ሲያቆም በጎብኚ ገንዘብ ይተዳደሩ የነበሩ ጥብቅ ቦታዎች ገቢያቸው ባንድ ጊዜ ደርቋል። በዚህ ረገድ የኮስታ ሪካ መንገድ ይሻላል። እዚያ ከ1997 ጀምሮ ደናቸውን ለሚጠብቁ ባለ ይዞታዎች ክፍያ ይፈጸማል፤ ዋናው የገንዘብ ምንጭ በነዳጅ ላይ የተጣለ ግብር ነው። ነዳጅ የሚያቃጥለው ይከፍላል፣ ደኑን የሚጠብቀው ይቀበላል።

አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይ ባደረጉት ስምምነት እስከ 2030 ድረስ የየብስንና የባሕርን 30 በመቶ ለመጠበቅ ቃል ገብተዋል። ዓላማውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። የምፈራው አፈጻጸሙን ነው። ኮታውን ለመሙላት ሲባል ሰው ከቀየው ከተፈናቀለ፣ በካርታ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ መሬት ላይ ቂም የተዘራበት ፓርክ ይፈጠራል። የነባር ሕዝቦች መብት እንዲከበር በስምምነቱ ውስጥ የተጻፈው ቃል ከ30 በመቶው እኩል ሊነገርለት ይገባል።

ልማትም ቢሆን ጠላት አይደለም፤ መንገድና መብራት የሌለበት መንደር ጫካውን እየቆረጠ ከማንደድ ሌላ አማራጭ የለውም። ዋናው ነገር ሲታቀድ ማሰብ ነው። በካናዳው ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ አውራ ጎዳናው ሲሰፋ አጥር፣ የእንስሳት መሻገሪያ ድልድይና ከመንገዱ ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ አብረው በመሠራታቸው በተሽከርካሪ የሚገጩ የዱር እንስሳት ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2024 ባወጣው ትንበያ መሠረት፣ በ2022 መጨረሻ 8 ቢሊዮን የሞላው የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ አጋማሽ ወደ 10.3 ቢሊዮን ደርሶ ቀስ እያለ መቀነስ ይጀምራል። ሴት ልጆች በተማሩበትና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በፈቃደኝነት በተዳረሰበት ሁሉ የወሊድ መጠን ያለ ማስገደድ ወርዷል። እንግዲህ ከባዱ ዘመን መጪዎቹ ስልሳ ዓመታት ናቸው። የሰው ቁጥር ወደፊት ይረጋጋል፤ በእነዚህ ዓመታት ዘሩ የጠፋ እንስሳ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ አዲስ ፓርክ፣ ግድብ ወይም እርሻ ስትዘግቡ፣ በሥፍራው የሚኖሩት ሰዎች ምን እንደሚያጡ፣ ምን እንደሚያገኙና ፈቃዳቸው ተጠይቆ እንደሆነ ባለሥልጣኑን ጠይቁልን፤ መልሱንም ከነዋሪዎቹ አንደበት አስነብቡን።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ